የቢቸና ነጋዴ ሂሳቡን በየትኛው ዲስክ ያስቀምጥ?

በቢቸና የጤፍ ንግድ ሂሳቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ያዛወረ ነጋዴ ያገለገለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ከአዲስ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በዋጋም በመጠንም የሚሻል ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የዱቤ መዝገብ ቦታ አይፈጅም፤ የዓመታት ሂሳብ አንድ ጊጋባይት እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። እየሠራ ሳለ ቢወድቅ የማንበቢያው ጫፍ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። ኤስኤስዲ ተንቀሳቃሽ አካል የለውም፤ ፍጥነቱም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጉዱ ሲበላሽ ነው። ብዙ ጊዜ ያለማስጠንቀቂያ ይሞታል፤ መረጃውን መልሶ ማውጣትም ከሃርድ ዲስኩ ይከብዳል። ለዓመታት ኤሌክትሪክ ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ከቆየም የያዘውን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ለዕለት ሥራ ኤስኤስዲ፣ ለቅጂ ደግሞ ርካሹ ሃርድ ዲስክ ይመረጣል። ቅጂው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ቤት ይቀመጥ። መብራት ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለ መዝገብ በሁለቱም ላይ ሊበላሽ ስለሚችል የዩፒኤስ ወጪ የሚቆጨው አይደለም።

ያገለገለ ሃርድ ዲስክ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ አሰክቶ የሠራበትን ሰዓት ያስነብብ፤ ቁጥሩ እዚያው ዲስኩ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።