የሚጥል በሽታ፦ ሕክምናውና የአጥቢያው ድርሻ

በቅዳሴ ሰዓት ወይም በጸበል ስፍራ አንድ ምእመን በድንገት ወድቆ ሲንቀጠቀጥ፣ «በለሃጩ ይተላለፋል» በሚል ስጋት ብዙዎች ይሸሻሉ፤ ሌሎች ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል። የሚጥል በሽታ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የክብሪት ጭስም አያድነውም። በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደ ጥናት ከ1000 ሰዎች መካከል 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ በየአጥቢያችን ሕሙማን መኖራቸው አይቀርም።

ሕመሙ የሚከሠተው የአንጎል ሕዋሳት የሚግባቡበት የኤሌክትሪክ መልእክት ለጥቂት ጊዜ ሥርዓቱን ሲስት ነው። በወሊድ ጊዜ በሕፃኑ አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ የጭንቅላት አደጋ፣ ማጅራት ገትርና አንጎልን ያጠቃ ወባ ለሕመሙ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በብዙዎች ዘንድ ግን መንሥኤው ተለይቶ አይታወቅም።

ሕመሙ ሁልጊዜ አይጥልም። ከአንጎል አንዱን ክፍል ብቻ ሲነካ አንድ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ሰውየው ግራ ተጋብቶ ልብሱን ይነካካል። ሕፃናት ለጥቂት ሰከንዶች ፈዘው ሊቀሩና መምህራቸው እንደ ስንፍና ሊቆጥርባቸው ይችላል። መላውን አንጎል ሲይዝ ደግሞ ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ ቀጥሎም ይንቀጠቀጣል።

ተገቢውን መድኃኒት በትክክል ከሚወስዱት ከ10 ሕሙማን 7ቱ ያህል ከሕመሙ መነሣት ሊያርፉ ይችላሉ። በጤና ጣቢያዎች ዘንድ የተለመደው ፌኖባርቢታል ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ማታ የሚወሰድ ስለሆነ ከጾም ጋር አይጋጭም። ሌላ መድኃኒት በጠዋትም የታዘዘለት ሕመምተኛ ሰዓቱን ያክብር፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅምና የንስሐ አባቱ ይህን ይንገሩት። ጸበል መጠመቅም መድኃኒት መተውን አይጠይቅም። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ለሞት የሚያደርስ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ልጅ ለመውለድ ያሰቡ ሴቶች አንዳንዱ መድኃኒት ፅንስን ስለሚጎዳ፣ መድኃኒቱን በራሳቸው ሳያቋርጡ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ሰው ሲወድቅ ከእሳት፣ ከውኃና ከድንጋይ አርቁት፤ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ አስተኙት። በአፉ ምንም አታግቡ፤ በኃይልም አትያዙት። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ከተደጋገመበት ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።

የሰበካ ጉባኤያት በጸበል ስፍራ ሕመምተኛው ያለ አጋዥ ወደ ውኃ እንዳይገባ አስተናጋጅ ይመድቡ፤ መድኃኒት መግዣ ያጣውን ይርዱ። ካህናትም በስብከታቸው «መድኃኒትህን አትተው» ይበሉ። በምድጃ አጠገብ ወድቆ የተቃጠለ፣ ከትምህርትና ከትዳር የተገለለ ወገን በየሰፈራችን አለ። ከሐኪም የሰማውን ምክር ከመንፈሳዊ አባቱም አንደበት ሲሰማ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለመጽናት ይበረታል።