ቅባትን አንጀት ላይ የሚያስቀረው እንክብል

ኦርሊስታት የተባለው የክብደት መቀነሻ እንክብል የምግብ ፍላጎት አይዘጋም፤ የተጠራቀመ ጮማም አያቀልጥም። ሥራው ተጀምሮ የሚያልቀው ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ከተበላው ምግብ ጋር ነው። አዳማ ላይ ስለ “ቦርጭ ማጥፊያ” መድኃኒት ወሬ ሲነሣ ይህ ነገር ስለሚዘለል፣ ከዚሁ መጀመር ይሻላል።

ክትፎው ላይ የፈሰሰው ንጥር ቅቤም ሆነ ሽሮው ላይ የተንሳፈፈው ዘይት በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ ነው። ይህም በአንድ ግሊሰሮል ላይ ሦስት የቅባት አሲዶች ተያይዘው የተሠራ ነው። መጠኑ ትልቅ ስለሆነ እንዳለ የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ሐሞት መጀመሪያ ቅባቱን ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይበትነዋል። ከዚያ ጥቂቱ ከጨጓራ፣ አብዛኛው ከቆሽት የሚመነጨው ሊፔዝ የተባለ ኢንዛይም ከሦስቱ አሲዶች ሁለቱን ቆርጦ ይለያል። የተቆረጠው በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይደርሳል፤ ሰውነት ካልተጠቀመበትም ጮማ ሆኖ ይቀመጣል።

ኦርሊስታት ጣልቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሊፔዝ ቅባቱን የሚቆርጥበትን ቦታ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ የተያዘው ሊፔዝም ሥራ ያቆማል። ያልተቆረጠው ቅባት መግቢያ ስለሌለው በዓይነ ምድር ይወጣል። 120 ሚሊግራሙ እንክብል በየማዕዱ ሲወሰድ፣ ከተበላው ቅባት 30 በመቶ ያህሉ ደም ውስጥ ሳይገባ ያልፋል። ቆሽት ለሚቀጥለው ምግብ አዲስ ሊፔዝ ስለሚያመነጭ እንክብሉም በየማዕዱ ይደገማል፤ የሚዋጠውም ከምግቡ ጋር ወይም ከተበላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ከመድኃኒቱ ራሱ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው።

መነሻው ስትሬፕቶማይሲስ ቶክሲትሪሲኒ የተባለች የአፈር ባክቴሪያ ናት። የሮሽ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከእርሷ ሊፕስታቲን የሚባል ንጥረ ነገር አግኝተው ኦርሊስታትን ከዚያ ሠሩ። አሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. ዜኒካል በሚል የንግድ ስም ፈቅዳዋለች።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ምሳ ላይ 40 ግራም ቅባት የበላ ሰው 12 ግራም ያህሉ ሳይገባው ያልፋል። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ስላለው፣ የቀረለት 108 ካሎሪ ነው። ሻዩንስ? አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 16 ካሎሪ አለው። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው 144 ካሎሪ ጠጣ ማለት ነው። ኦርሊስታት ስኳርን አይነካም፤ እንጀራን፣ ዳቦንና ቢራንም እንደዚሁ። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር የሚመረትባት ወንጂ ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው የምትርቀው፤ ሻያችንም ስኳር አይጎድለውም። ውፍረቱ ከስኳርና ከዳቦ የመጣ ሰው ለዚህ መድኃኒት ገንዘቡን ባያወጣ እመክራለሁ።

ጾሙስ? ሥጋና ቅቤ በሌለበት ረቡዕና ዓርብ መድኃኒቱ ሥራ የሚፈታ የሚመስለው አለ። ሳምቡሳው፣ ቦምቦሊኖው፣ በዘይት የራሰው ፍርፍር ሁሉ ግን የጾም ነው፤ ሊፔዝም የኑግን ዘይት ከቅቤ አይለይም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመንም ሆነ ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም ምግብ ባልቀመሰበት ሰዓት እንክብሉን መዋጥ አያስፈልገውም። ማዕዱ ላይ ቅባት ከሌለም ይዘለላል።

የጎንዮሽ ጉዳቱ ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። ቅባት በበዛበት ማዕድ ላይ የዋጠው ሰው ሽንት ቤት ያጣድፈዋል፤ ፈስ ሲወጣ ዘይት የመሰለ ነገር ያመልጠውና ልብሱን ሊነካ ይችላል። ከቅባቱ ጋር ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖችም ስለሚያመልጡ ማታ ሲተኙ መልቲቫይታሚን መውሰድ ይመከራል። ከሁሉ በላይ ልናስብበት የሚገባው ግን ሌላ ነው። ኦርሊስታት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶችን ኃይል ሊቀንስ ይችላል፤ ተገትቶ የነበረው ቫይረስ እንደገና የታየባቸው ሕሙማን ተመዝግበዋል። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ያስፈልገዋል። የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ክትትል ይፈልጋሉ። ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትወስደውም። ከስንት አንዴ ጉበት ይጎዳልና ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ አቁሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ውጤቱ መጠነኛ ነው። ስዊድን ውስጥ 3,305 ሰዎችን ለ4 ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር። አመጋገባቸውን አስተካክለው እንቅስቃሴ ካደረጉት መካከል ኦርሊስታት የጨመሩት በአማካይ 5.8 ኪሎ፣ ያልጨመሩት 3 ኪሎ ቀንሰዋል። ኦርሊስታት የጨመሩት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ግን ካልጨመሩት በ37 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይኸኛው ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረ ሐሰተኛ የኦርሊስታት እንክብል ውስጥ ሲቡትራሚን አገኘ። ሲቡትራሚን ልብን ስለሚጎዳ በዚያው ዓመት ከገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። ስለዚህ “ማቅጠኛ” እየተባለ በቴሌግራም የሚሸጥ እንክብል አትግዙ። ሐኪም ካዘዘላችሁ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ግዙ፤ ከመዋጣችሁ በፊትም የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ለፋርማሲስቱ ንገሩት።