ከመቶ ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው የሚሆን ብስክሌት

ሰውነታቸው ከበድ ያለ ሰዎች ብስክሌት ሊገዙ ሲሄዱ ከሻጭ የሚሰሙት መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ብረት አይደለም እንዴ፣ ለምን አይችልህም!» የሚል ነው። ሌላው «መጀመሪያ ትንሽ ቀነስ በልና ና» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሻጭ ሳያጣራ ይሸጣል። ሁለተኛው በሽተኛን «ድነህ ስትመጣ መድኃኒት እሰጥሃለሁ» እንደሚል ሐኪም ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ «ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» ተብለው ወደ ቤታቸው የተሸኙ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። በምን እንደሚያንቀሳቅሱት የተነገራቸው ግን ጥቂት ናቸው።

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ እንድጠይቅ ያደረገኝ እዚህ ሐዋሳ የሚኖር ጎረቤቴ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ዕድሜው 43፣ ክብደቱ 116 ኪሎ። ስኳሩ ከፍ ማለት ጀምሯል። «በእግርህ ሂድ» ተብሎ ጠዋት ጠዋት እስከ ፍቅር ሐይቅ ሄዶ ይመለስ ነበር፤ ነገር ግን ጉልበቱ አብጦበት በማግሥቱ ደረጃ የሚወርደው ወደ ጎን እየዞረ ሆነ። ይህ አያስገርምም። በእግር ስንሄድ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነታችን ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ብስክሌት ላይ ሲቀመጡ ግን አብዛኛውን ክብደት መቀመጫው ይሸከማል፤ ዝግ ብሎ ለሚነዳ ሰው ጉልበት ላይ የሚደርሰው ጫና በእግር ከሚሄደው ግማሽ ገደማ ይሆናል።

እሱም ከተማው ሜዳ፣ ብስክሌቱ ብዙ ነውና እጀታው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈውን፣ በአስፋልት ላይ የሚፈጥነውን ዓይነት ገዛ። ያገለገለ ነበር፤ ቀለሙ ግን ያምራል። በሁለት ወር ውስጥ የኋላው ጎማ ሽቦ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ። ሻጩ «ክብደትህ ነው» ብሎ መለሰው፤ የሠፈር ልጆችም ሳቁበት። ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ሲስተር፣ ይሄ ነገር ለኔ አልተሠራም» አለኝ።

ከሠፈራችን ራቅ ብለው የሚሠሩ አንድ አዛውንት ብስክሌት ጠጋኝ አሉ። ጎማውን ይዘን ሄድን። ሰውዬው ክብደቱን እንኳን አልጠየቁትም፤ ሽቦዎቹን ቆጠሩ። እነሱ ራጂ ይሏቸዋል። የፊተኛው 20፣ የኋላው 24 ነበሩ። «ይሄ ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው፤ ቀጭን ልጅ፣ ንጹሕ መንገድ» አሉ። ለእንደ እሱ ያለ ሰው የኋላው 36፣ ቢያንስ 32 መሆን አለበት ብለው ቀጠሉ።

የኋላው የተለየበትን ምክንያት አስተማሪው ራሱ እዚያው አሰላው። 116 ኪሎ ሰው፣ 12 ኪሎ ብስክሌት፣ 4 ኪሎ ቦርሳ ቢደመር 132 ይመጣል። ሰው ሲቀመጥ ከጠቅላላው 60 በመቶ ያህሉ በኋላው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ፣ ያ ጎማ ወደ 79 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የአስፋልት ብስክሌት ጎማ ደግሞ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ470 ጊዜ በላይ ይዞራል። እያንዳንዱ ሽቦ ከታች በኩል መሬቱ ጋ ሲደርስ ይላላል፣ ሲያልፍ ይወጠራል። ሽቦን በእጃችን ወዲያና ወዲህ እያጠፍን የምንሰብረው በዚሁ መንገድ ነው። ሽቦዎቹ ጥቂትና የላሉ ከሆኑ እያንዳንዱ ብዙ ይሠራል፤ ይደክማል፤ ከመሃል ካለው ሞዞ ጋር በሚያያዝበት ክርኑ ላይ ይበጠሳል። አንዱ ሲበጠስ በጎረቤቶቹ ላይ ጭነት ይጨምራል። የተበጠሰችውን አንዲት ሽቦ ብቻ እየተኩ መመላለስ የማያዛልቀው ለዚህ ነው።

ሽማግሌው ያሳዩንን ዘዴ ማንም ሰው ገበያ ውስጥ ቆሞ ሊሞክረው ይችላል። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን በጣት ጨበጥ አድርጎ ማየት፣ ቀጥሎም እንደ ክራር ክር መታ መታ እያደረጉ ማዳመጥ ነው። በኋላው ጎማ የካቴናው በኩል ከሌላው ወገን የጠበቀ ስለሆነ ድምፁ ከፍ ይላል፤ በአንድ ወገን ያሉት ግን እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። አንዱ «ጥንግ» ሌላው «ዱብ» ካለ፣ ቸርኬው ቀጥ ብሎ ቢዞርም እንኳ ያ ጎማ ገና ሥራ ይቀረዋል። አዲስ ብስክሌትም ቢሆን ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ጠጋኝ ዘንድ ተወስዶ ሽቦው ቢጠበቅ ዕድሜው ይረዝማል። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ከሌላው ወጪ ሁሉ ቀድሞ መውጣት ያለበት ይመስለኛል፤ ሰው ግን ለመብራትና ለጌጥ ይከፍልና ለዚህ ይሰስታል።

ከሽቦው ቀጥሎ የጎማው ስፋት ነው። በጎኑ ላይ 700 በ23 ወይም 700 በ32 ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ሁለተኛው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። ለእሽቅድምድም የቆዩት 23 እና 25 ናቸው። ከመቶ ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው ከ28 በታች አይመከርም፤ 32 ወይም 35 ቢሆን ይሻላል። የእኛ ከተሞች የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን መሆኑን አትርሱ። ቀጭን ጎማ የድንጋዩን ጠርዝ ሲመታ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል፤ ሲያወጡት ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ እባብ የነደፈው መስሎ ይታያል። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ምስማር አትፈልጉ፤ ነፋሱ አንሶ ነው። ቀጭን ከመነዳሪ ሳይቀደድም ቀስ በቀስ ነፋስ ስለሚያጣ፣ በጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት ለከባድ ሰው አይበቃም። ቁጥር በሚያሳይ መንፊያ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይነፋ። የኋላው ከፊተኛው ጠንከር ይበል፤ በጎማው ጎን ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አይለፍ።

እዚህ ላይ አስተማሪው ችግር ገጠመው። የነበረው ብስክሌት ከ25 የሚሰፋ ጎማ አያስገባም፤ ከፍሬኑ ጋር ይነካካል። ብዙ የእሽቅድምድም ብስክሌቶች እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ፤ ጣት የማያስገባ ከሆነ ሰፊ ጎማ አይቀበልም። ሽማግሌው ያንን ሽጦ ሌላ፣ ለረጅም መንገድና ለዕቃ የተሠራ የቆየ የብረት ብስክሌት እንዲፈልግ መከሩት። እጀታው ያው የታጠፈው ነው፤ አስፋልት ላይም በደንብ ይሮጣል፤ ግን 36 ሽቦ አለው፣ ባለ 35 ጎማም ያስገባል። አስተማሪው ሲያነሳው «በሦስት ኪሎ ይከብዳል!» ብሎ ፊቱን አጨማደደ። ሦስት ኪሎ ከ132 ኪሎ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሁለት ከምናምን መሆኑን ሲያውቅ ሳቀና ገዛው። ቀላል ብስክሌት ለማግኘት ብዙ ገንዘብ መጨመር አሸናፊነትን በሴኮንድ ለሚቆጥር ተወዳዳሪ ያዋጣ ይሆናል። ከቤት እስከ ሥራ ለሚሄድ ሰው ግን ያ ገንዘብ ጎማው ላይ ቢውል ይበልጣል።

ስለ ፍሬሙ ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ፤ እኔ አጭር አደርገዋለሁ። ብረት፣ አሉሚኒየምም ሆነ ካርቦን በአግባቡ ከተሠራ ይሸከማል። ለእኛ አገር ግን ብረቱን እመርጣለሁ፤ ቢሰነጠቅ የሚበይደው ሰው በየከተማው አለ፣ አሉሚኒየም ግን ተበይዶ የቀድሞ ጥንካሬውን እንዲያገኝ ሌላ የሙቀት ሥራ ይፈልጋል። የቱ እንደሆነ ለመለየት ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ብረት ላይ ይጣበቃል። ያገለገለ ከሆነ የታችኛው ቱቦ ከፊት ለፊቱ ቱቦ ጋር የተበየደበትን ቦታ ከሥር አጎንብሳችሁ እዩ። ቀለሙ የተነፋ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያለው ከሆነ ተዉት። የመቀመጫው ዘንግ ላይም ከዚህ በላይ አታውጣ የሚል ምልክት አለ። ረጅምና ከባድ ሰው ያንን መስመር አልፎ ሲያወጣው ዘንጉ ሊሰበር፣ ፍሬሙም ሊሰነጠቅ ይችላል። አዲስ ከገዛችሁ ደግሞ አብሮ በሚመጣው መጽሐፍ ውስጥ የክብደት ወሰኑን ፈልጉ፤ 120 ኪሎ አካባቢ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሰውየውን ብቻ ሳይሆን የብስክሌቱንና የዕቃውንም ክብደት ይጨምራል።

ከባድ ሰው ቁልቁለት ሲወርድ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። የፍሬኑ ላስቲክ ሳያልቅ መቀየር፣ ከተቻለም የዲስክ ፍሬን ያለውን መምረጥ ነው። የአዲስ አበባ አንባቢዎች ዳገቱ ስላለባችሁ በተለይ ቀላል ማርሽ ያለው ይሁንላችሁ። ከባድ ማርሽ እየረገጡ ዳገት መውጣት ብስክሌቱ ያተረፈውን ጉልበት መልሶ ማሳመም ነው። መቀመጫውንም አስተካክሉ፤ ፔዳሉ ታች ሲሆን ተረከዛችሁን ብታስቀምጡበት እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ሰው መሬት በሙሉ እግሩ ልርገጥ ብሎ ዝቅ ያደርገውና ጉልበቴን አመመኝ ይላል። ትልቅና ስፖንጁ የበዛ መቀመጫ ደግሞ በሱቅ ውስጥ ይመቻል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጭን ይፍቃል፣ ያደነዝዛልም። ጠንከር ብሎ የመቀመጫ አጥንትን የሚደግፍ ይሻላል።

አስተማሪው አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ቱላ ሄዶ ይመለሳል። ሽቦ አልተበጠሰበትም። ክብደቱ የቀነሰው 4 ኪሎ ብቻ ነው፤ ደረጃ ግን ፊቱን አዙሮ ይወርዳል።

ከመጀመራችሁ በፊት ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ደረት የሚጨንቃችሁ ወይም ትንሽ ሲሄዱ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ሐኪም ሳያያችሁ አትውጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ቀስ በቀስ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ወደሚመክረው በሳምንት 150 ደቂቃ ትደርሳላችሁ። ልኩ እየነዱ ማውራት መቻል ነው። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ምግብ ሳትቀምሱ አትንዱ፤ ኪሳችሁም ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ ዓይን ብዥ ሲል ወዲያው ወርዳችሁ ጥላ ሥር ተቀመጡና ብሉት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላችሁ ድገሙት፤ ብስክሌቱንም እየገፋችሁ ሳይሆን ሰው ጠርታችሁ ተመለሱ።