ሐይቁን ከባቡሩ ጋር መምረጥ

ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ አንድ ወዳጄ ሮማ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። የሚሠራው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ጊዜ ቡና ይዘን ስናወራ፣ «ከዚህ ግርግር ወጥቼ ሐይቅ ዳር ቤት ብከራይስ? ጠዋት ሥራዬ ላይ በሰዓቱ ልድረስ፣ በዕረፍቴ ቀን ልቅዘፍ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ኪራዩ የከበደበት፣ ልጆቹን ጸጥ ያለ ቦታ ማሳደግ የሚፈልግ፣ ወይም እንደ ወዳጄ ውኃ ሳያይ መኖር የማይሆንለት። ሐይቆቹ ቅርብ ናቸው። አንዱ ከሌላው የሚለየው ግን በውበቱ ሳይሆን ለዕለት ኑሮ በሚመችበትና በማይመችበት ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ በሽርሽር ቀን አይታይም።

መጀመሪያ ስለ ውኃው። ሮማ ዙሪያ ያሉት ብራቻኖ፣ አልባኖ፣ ኔሚ፣ ራቅ ብሎም ቦልሴና፣ ሁሉም እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ናቸው። ቢሾፍቱን የሚያውቅ ሰው አልባኖ ሐይቅ ላይ ሲደርስ ሆራን ወይም ባቦጋያን ያየ ይመስለዋል፤ ከተማው ከላይ ከአፋፉ ላይ፣ ውኃው ከታች እንደ ጎድጓዳ ሳህን። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አልባኖ በአንጻሩ ስፋቱ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ወደ 170 ሜትር ይጠልቃል። ከዳር ጥቂት እንደተራመዱ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል፤ የበጋ ሙቀትም ላይ ላዩን እንጂ ታቹን አያሞቀውም። ጣና ላይ በታንኳ ያደገ ሰው ዋና እችላለሁ ብሎ መንሳፈፊያ ጃኬቱን ቤት ጥሎ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።

ጀልባ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሞተር ነው። ብራቻኖ ላይ ግን ሞተር የተከለከለ ነው፤ የሚፈቀደው ለነፍስ አድን፣ ለጥበቃ፣ ለባለ ፈቃድ ዓሣ አጥማጆችና ለመሳሰሉት ጥቂቶች ብቻ ነው። ምክንያቱም ሐይቁ ለሮማ የመጠጥ ውኃ መጠባበቂያ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጋ፣ ዝናብ ጠፍቶ ውኃውም እየተቀዳ፣ ሐይቁ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ወረደ። የላዚዮ ክልል አስተዳደር የሮማ ውኃ አቅራቢ የሆነው አቼያ ከዚያ መቅዳቱን እንዲያቆም አዘዘ፤ የሮማ ሰውም ውኃ በፈረቃ ሊሆን ነው ብሎ ተጨንቆ ሰነበተ። ዳሩ ላይ የነበሩ የጀልባ መወጣጫዎች ከውኃው ርቀው ደረቅ አሸዋ ላይ ቀሩ። ስለዚህ ቤት ሊከራዩ የመጡበትን ዳርቻ ዛሬ ብቻ አይተው አይመኑ፤ ውኃው በደረቅ ዓመት የት ድረስ እንደሚሸሽ የሰፈሩን ሰው ይጠይቁ።

ሞተር ባለመኖሩ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ብራቻኖ 57 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሸራ ጀልባና ለቀዘፋ ከበቂ በላይ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ጣሊያኖቹ ፖኔንቴ የሚሉት የምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ነጫጭ ሸራዎች ከአንጉዊላራ ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ የሚሰማው የገመድና የውኃ ድምፅ ብቻ ነው። አሸዋው ጥቁር ነው፤ የእሳተ ገሞራ ነውና ቀትር ላይ እግር ያቃጥላል።

ወደ ባቡሩ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ሦስት ከተሞች አሉ፤ ብራቻኖ፣ አንጉዊላራ ሳባዚያና ትሬቪኛኖ ሮማኖ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከሮማ ጋር የሚያገናኘው ወደ ቪተርቦ የሚሄደው ኤፍ ኤል 3 ባቡር ነው። ይህ ባቡር ተርሚኒ አይገባም። ከተርሚኒ በሜትሮ ኤ መስመር ቫሌ አውሬሊያ ድረስ ሄዶ እዚያ መቀየር ያስፈልጋል፤ ከደጅ እስከ ደጅ ሲቆጠር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ብራቻኖ ሲወርዱ ጣቢያው ከተማው ውስጥ ነው፤ አንጉዊላራ ግን ጣቢያው ከአሮጌው ከተማና ከሐይቁ ራቅ ያለ ስለሆነ ማታ አውቶቡሱ ካመለጠ በጨለማ የአስፋልት ዳር መንገድ ይዞ መሄድ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በኅዳር ዝናብ ሄጄዋለሁ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ ቦዩ እየተጠጋሁ። ትሬቪኛኖ ከሦስቱ ይበልጥ ውብ ነው፤ ባቡር ግን የለውም፤ ኮትራል በሚባለው አውቶቡስ ነው የሚኬደው። መኪና ለሌለውና ሌሊት ከሥራ ለሚወጣ ሰው አልመክረውም።

አልባኖ ሐይቅ ደግሞ ተርሚኒ ለሚሠራ ሰው የተሰጠ ይመስላል። ኤፍ ኤል 4 ባቡር ከተርሚኒ ተነሥቶ ሳይቀየር ካስቴል ጋንዶልፎ ያደርሳል፤ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያው ከገደሉ ወገብ ላይ ስለሆነ ከባቡሩ እንደወረዱ ሐይቁ ከታች ይታያል። ቁልቁለቱን መውረድ ቀላል ነው፤ ታንኳ ተሸክሞ መውጣት ግን የሚሆን አይደለም፤ ጀልባውን ታች ከሚያስቀምጥ ክበብ ጋር መስማማት ግድ ይላል። ለቀዘፋ ከዚህ የተሻለ ውኃ አላውቅም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት እ.ኤ.አ. በ1960ው የሮማ ኦሊምፒክ የጀልባ ቀዘፋው ውድድር የተካሄደው እዚሁ ሐይቅ ላይ ነበር። ዙሪያውን የከበበው አፋፍ ነፋሱን ስለሚያበርደው ማለዳ ላይ ውኃው እንደ መስተዋት ይተኛል። ይህም ሐይቅ ግን ባለፉት አሥርት ዓመታት እየቀነሰ መጥቷል።

ኔሚ ትንሽ ናት፤ በባቡር አይደረስባትም፤ ለጎብኚ እንጂ ለሠራተኛ አትመችም፤ እንጆሪዋን በልቶ መመለስ ይሻላል። ቦልሴና ግን ሌላ ታሪክ ነው። 113 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሰፊ ውኃ ነው፤ ሞተርም በተወሰነ ደንብ ይፈቀዳል። ከ40.8 የፈረስ ጉልበት ለሚበልጥ ሞተር ፓቴንቴ ናውቲካ የሚባለው የጀልባ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኢንሹራንስ ደግሞ ሞተሩ ትንሽም ቢሆን ግዴታ ነው። ከተርሚኒ በቀጥታ የሚያደርስ ባቡር ስለሌለ፣ ኦርቪዬቶ ወይም ቪተርቦ ወርዶ አውቶቡስ መጠበቅ ነው። ቦልሴና የሚሆነው ሥራውም እዚያው ለተገኘለት ሰው ብቻ ነው።

እዚያው የሚገኘው ሥራ ምንድን ነው? ሐይቅ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶችና የመዋኛ ዳርቻዎች ሰው የሚቀጥሩት ከግንቦት እስከ መስከረም ነው፤ ጥቅምት ላይ ወንበሩ ይደራረባል፣ ጃንጥላው ይታጠፋል፣ ውሉም ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ የሚቆየው አረጋውያንን የመንከባከብ፣ ባዳንቴ የሚባለው ሥራ ነው። እነዚህ ትንንሽ ከተሞች ልጆቻቸው ሮማ የገቡባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብዙ ያሉባቸው ናቸው። በበጋ ሥራ ብቻ ተማምኖ የተርሚኒውን የሚለቅ ሰው ሶጆርኖውን (የመኖሪያ ፈቃዱን) ሲያድስ የሚያሳየው ገቢ ሊያጥረው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን ይቀይሩ፣ ሥራውን ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት አይልቀቁ።

ወረቀቱም ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል። ብራቻኖ፣ አንጉዊላራ፣ ትሬቪኛኖ፣ ካስቴል ጋንዶልፎና ኔሚ በሮማ አውራጃ ውስጥ ስለሆኑ የሶጆርኖ ጉዳይ እዚያው ሮማ ኩዌስቱራ (የፖሊስ ጽሕፈት ቤት) ይቆያል። ቦልሴና ግን በቪተርቦ አውራጃ ነው፤ ፋይሉም ወደዚያ ይሄዳል። የትም ይሁን የት፣ የአድራሻ ለውጡን ለኩዌስቱራ በ15 ቀን፣ ሬዚዴንሳውን (የነዋሪነት ምዝገባውን) ለአዲሱ ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) በ20 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ኮሙኔው በእርግጥ እዚያ መኖርዎን የሚያጣራ ፖሊስ ሊልክ ይችላል፤ ስምዎ በሩ ላይ ተጽፎ ይጠብቀው። የቤተሰብ ሐኪሙም አብሮ ይቀየራል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ውሉ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017፣ ያው የብራቻኖ ውኃ በቀነሰበት በጋ፣ ተርሚኒ አጠገብ ቪያ ኩርታቶኔ ከሚገኝ፣ ያለ ውል ይኖሩበት ከነበረ ሕንፃ በአብዛኛው ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ተባረው፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ ያደሩትም በውኃ መድፍ ተበትነዋል። ያን የሚያስታውስ ሰው ያልተመዘገበ ቤት ውስጥ መኖር ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ሐይቅ ዳር አከራዮች ቤቱን ለበጋ እንግዳ በውድ ማከራየት ስለሚፈልጉ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ብቻ ግባ ይሉና ሰኔ ላይ ውጣ ይላሉ። በጽሑፍ የተመዘገበ፣ ቢያንስ ዓመት የሚዘልቅ ውል ካልሰጡ ሬዚዴንሳውም ሆነ ሌላው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል።

ቤቱን ለማየት በሐምሌ እሑድ አይሂዱ። በጥር ማክሰኞ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ከሥራ በኋላ ይሂዱ። ከተርሚኒ ሥራ በሚወጡበት ሰዓት ተነሥተው፣ ባቡሩን ጠብቀው፣ ከጣቢያው እስከ ቤቱ በእግር ይሂዱ፤ ሱቁ ክፍት መሆኑን፣ እርጥበቱ ግድግዳውን መብላት አለመብላቱን፣ ማሞቂያው በምን እንደሚሠራ ይዩ። በማግስቱ ለጠዋት ሥራ የሚያደርሰውን የመጀመሪያውን ባቡር ይያዙ። ወዳጄ ይህን ሁለት ጊዜ አደረገው። ትሬቪኛኖን ልቡ ወዶት ነበር፤ የተከራየው ግን ካስቴል ጋንዶልፎ ነው። ጀልባ ገና አልገዛም፤ በሰዓት ካያክ እየተከራየ ይቀዝፋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይህ ይበቃዋል።