አራት ነጥብ ላይ አትቁሙ

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ሁሉ አፕቲትዩድ የሚባለውን ወረቀት ያውቀዋል። የቃል ክፍሉ ውስጥ አናሎጂ አለች፦ ሁለት ቃላት ይሰጡሃል፣ በእነሱ መካከል ያለውን ዝምድና የሚደግም ሌላ ጥንድ ትመርጣለህ። ይኸው ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ተማሪ ሳስጠና እንደ እሷ የተናቀ ጥያቄ አላየሁም። «ቃሉን ካወቅሁት እሠራዋለሁ፣ ካላወቅሁት እዘለዋለሁ» ይላሉ፤ መዝገበ ቃላት ሸምድደው የሚመጡም አሉ። አሜሪካኖቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ከኤስኤቲ ፈተናቸው አስወጥተዋታል። ቅር ይለኛል።

ጣጣው ከምልክቱ ይጀምራል። በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ፣ በጥንዶቹ መካከል አራት ነጥብ ይገባል። ለእኛ ልጅ ደግሞ አራት ነጥብ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እዚህ ላይ አልቋል እኮ፤ ቀጥሎ ያለው የምንድን ነው?» ሲለኝ ሳቅሁበት። ማታ ሳስበው አፈርሁ። ምልክቱ «እንደዚሁም» ተብሎ እንደሚነበብ ማን ነግሮት?

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «ቡና : ጀበና ::» ብዬ ጻፍሁ። ምርጫው ሀ. ጋን : ጠላ፣ ለ. ጠላ : ጌሾ፣ ሐ. ጠላ : ዋንጫ፣ መ. ጠላ : ጋን።

«ሁሉም ያው ጠላ ነው» አለች አንዷ ከኋላ።

ልክ ናት፤ ሁሉም ይዛመዳል። ስለዚህ «የሚዛመደው የቱ ነው?» ብሎ መፈለግ ድካም ነው። ምርጫውን በእጃችሁ ሸፍኑና መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። «ቡና በጀበና ይዘጋጃል» አሉ። እሺ፣ «ጋን በጠላ ይዘጋጃል»? ተገለበጠ፣ ወደቀ። «ጠላ በጌሾ ይዘጋጃል»? ኧረ ይሄማ ያስኬዳል! ጥፋቱ የ«በ» ነው። ይህች አንዲት ፊደል ዕቃውንም፣ ቅመሙንም፣ ቦታውንም አንድ ላይ ትሸከማለች። ሁለት መልስ ካለፈ ዓረፍተ ነገሩን አጥብቁት፦ «ቡና ተዘጋጅቶ እስኪቀዳ ጀበና ውስጥ ይቆያል»። ጌሾ ወጣ። ዋንጫም ወጣ፣ እሱ የሚቀዳበት ነውና። ጋን ብቻውን ቀረ።

ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ «ያው ሰምና ወርቅ ነው» ብለው የሚያስተምሩ አጋጥመውኛል። አይደለም። ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ እዚህ ግን የተሸፈነ ነገር የለም፣ አራቱም ቃል ፊት ለፊት ተቀምጧል።

የጥያቄውን ቃል ጨርሶ የማታውቁት ከሆነ ምርጫዎቹን ብቻ እያነሳችሁ ዓረፍተ ነገር ሞክሩላቸው። እርስ በርሳቸው የጠበቀ ዝምድና የሌላቸውን ሰርዙ።

ከሳምንት በኋላ ያ የአራት ነጥቡ ልጅ ወረቀት አጥፎ አመጣልኝ፦ «ምራን : ቀንበር»። ሀ. ኮርቻ : ፈረስ፣ ለ. መቀነት : ቀሚስ። ከተማ ስላደግሁ ምራንን አላውቀውም። ቀንበር የምትለዋን ሳይ በሬ ታየኝና ኮርቻን ከበብሁ።

«ምራን ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር ነው» አለኝ፣ ሳቁን እንደምንም ይዞ። «ቲቸር፣ ዓረፍተ ነገር ሳይሠሩ ነው የገቡት።»