የመንዝ ጓሳ የእጽዋት ማኅበረሰብ አወቃቀርና የቄሮ ሥርዓት

በሰሜን ሸዋ፣ የመንዝ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ የሚደርስ ሰፊ የሣር ምድር አለ። ስሙም ጓሳ ነው፤ በዚያ በብዛት ለሚበቅለውና የፌስቱካ ወገን ለሆነው ሣርም ሕዝቡ የሰጠው ስም ይኸው ነው።

ስፍራው ዝናብ አያጣም። ቢሆንም በበጋ ወራት እጽዋቱን የሚገጥማቸው ፈተና ከደረቅ ምድር እጽዋት ፈተና ጋር ይቀራረባል። ሌሊት ውርጭ አፈሩን ሲያቀዘቅዘው ሥር ውኃ መሳብ ይሳነዋል፤ ማለዳ ደግሞ ፀሐይና ነፋስ የቅጠሉን እርጥበት ይመጥጣሉ። ስለዚህ በዚያ የሚበቅል ሁሉ ውኃ የሚቆጥብበት፣ ለጋ ቡቃያውንም የሚሸፍንበት ዘዴ ሊኖረው ግድ ነው። ነጭሎ የተባለው ቁጥቋጦ ቅጠሉን በነጭ ጠጉር ያለብሳል፤ አስታ ቅጠሉን እንደ መርፌ ያቀጥናል። የጓሳ ሣር ግን በእቅፍ በእቅፍ ተጠጋግቶ ያድጋል፤ የደረቁት ቅጠሎቹም ሳይረግፉ ቆመው በመካከል ያለውን አዲስ ቡቃያ ከውርጭ ይጋርዳሉ። ለተመልካች የሞተ የሚመስለው ክፍል ለሣሩ እንደ ገሳ ነው። (የመንዝ እረኛም ገሳውን የሚሠራው ከዚሁ ሣር ነው።) በእቅፎቹ ሥር አይጦች ይጠለላሉ፤ በአቅራቢያው ፍልፈል አፈር እየገለበጠ ይኖራል፤ ቀይ ቀበሮም እነዚህን እያደነ ይኖራል።

ይህ ሽፋን በአንድ ክረምት አይሠራም። ሣሩ በየዓመቱ ከታጨደ ወይም ያለ ዕረፍት ከተጋጠ እቅፉ ይሳሳል፣ መሬቱ ይራቆታል፤ ክፍተቱንም ከብት የማይመርጣቸው ቁጥቋጦዎች ይይዙታል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተጀመረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት በዚህ ረገድ ትኩረት ይስባል። የአስቦና የገራ ተወላጆች በሚመርጧቸው አባ ቄራ አማካይነት ጓሳን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱታል፤ ከብትም ያሰማሩበታል። የመዝጊያው ዘመን ሣሩ እቅፉን መልሶ ለመሙላት ጊዜ ይሰጠው ነበር። ሥርዓቱን የመሠረቱት ሰዎች በዚህ ቋንቋ ባይናገሩትም፣ ከሣሩ ባሕርይ ጋር መስማማቱ ድንገተኛ አይመስልም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስት መብትን ሲያስቀር ቄሮም የቆመበትን መሠረት አጣ። ተመራማሪው ዘላለም ተፈራ እንዳጠኑት፣ ከዚያ ወዲህ አጠቃቀሙ ልቅ ሆነ፤ የአካባቢው ሕዝብም ውሎ አድሮ ጓሳን የሚጠብቅ ኮሚቴ አቋቋመ፤ መተዳደሪያ ደንብም አወጣ። መዝጋትና መክፈት እንደ ጥንቱ ቀጥሏል። በተጠቃሚነት ለመቆጠር ግን መስፈርቱ የአስቦና የገራ ዘር መሆን ቀርቶ የቀበሌ ነዋሪነት ሆኗል።