ከሆርሞኑ ይልቅ ንፋሱን ጠይቁ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ “የሳይንስ ዜና” አለ። ረጅም መንገድ አብረው በብስክሌት የሚጓዙ የማይተዋወቁ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ወንድምና እህት የሚሆኑት ኦክሲቶሲን የተባለው “የፍቅር ሆርሞን” ስለሚያጥለቀልቃቸው ነው ይላል። ፔዳል መምታት ሆርሞኑን ያመነጫል፣ ሆርሞኑ መተማመንን ይወልዳል፣ አለቀ። ኦክሲቶሲን በምጥና በጡት ማጥባት ጊዜ ያለውን ድርሻ ማንም አይከራከርም። በማያውቁት ሰው ላይ እምነት ያስጥላል የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ሆርሞኑ በአፍንጫቸው የተረጨላቸው ሰዎች ገንዘባቸውን ለማያውቁት ሰው አምነው ለመስጠት ይበልጥ እንደደፈሩ ዘገበ። ዓለም ጉድ አለ። በ2015 ተከታዮቹ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲመረመሩ ግን ማስረጃው ሳስቶ ተገኘ፤ በ2020 ብዙ ሰው ተሳትፎበት የተደገመው ሙከራም የመጀመሪያውን ውጤት ሊያገኘው አልቻለም። ይህ ሁሉ እየታወቀ ዛሬም ያንኑ ዘፈን መድገም አንባቢን መናቅ ነው።

ክስተቱ ራሱ ግን እውነት ነው፤ የተሳሳተው ማብራሪያው ነው። ከ2003 ጀምሮ የሚካሄደውን ቱር ዳፍሪክ የተባለ የብስክሌት ጉዞ እንውሰድ። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ወር ያህል፣ ድንኳን እየተከሉ። መንገዱ ሰላም በሆነባቸው ዓመታት ብስክሌተኞቹ በመተማ ይገባሉ፤ ጎንደርንና ባሕር ዳርን አልፈው፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው አዲስ አበባ ይደርሳሉ። ከየአገሩ የተሰባሰቡ፣ ቋንቋቸውም ዕድሜያቸውም የማይገጥም ሰዎች ናቸው። ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ግን ዓመታት የሚዘልቁ ወዳጅነቶች ይወጣሉ። ለምን?

ግማሹ መልስ ሰዓት ነው፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ቀለል ወዳለ ጓደኝነት ለማደግ 50 ሰዓት ገደማ፣ የቅርብ ወዳጅነት ላይ ለመድረስ ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚፈልግ ገምቷል። በሳምንት አንዴ ቡና ላይ ለሁለት ሰዓት ለሚገናኙ ሰዎች 200 ሰዓት ማለት ሁለት ዓመት ነው። በቀን አሥር ሰዓት አብረው ለሚነዱ፣ ለሚበሉና ከመነዳሪ ለሚለጥፉ ግን ሃያ ቀን ነው። ሆኖም ሆል ራሱ እንዳሳየው፣ በሥራ ቦታ አብሮ የሚያልፍ ሰዓት ያን ያህል አያቀራርብም። ሰዓቱ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። በሰዓቱ ውስጥ የሚደረገው ነገር ነው ወሳኙ፤ ብስክሌት ላይ ደግሞ የሚደረገው ነገር ንፋስ መካፈል ነው።

ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚያጠፋው አየርን በመግፋት ነው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል፤ ተቃውሞውን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ልክ ይጨምራል። ፍጥነትህን እጥፍ ላድርግ ካልክ፣ ለአየሩ ብቻ ስምንት እጥፍ ኃይል ትከፍላለህ። ከነጂው ጀርባ ግን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ አየሩም ከነጂው ጋር ወደፊት ይሳባል። እዚያ ክፍተት ውስጥ ጎማውን አስጠግቶ የሚነዳ ሰው ከአየር ተቃውሞው አንድ ሦስተኛውን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይገላገላል። ከኋላ የተጠጋው ሰው የግፊቱን ክፍተት ስለሚሞላለት ፊተኛውም በጣም ጥቂት ያተርፋል። ዋናውን ዕዳ ግን የሚከፍለው ፊተኛው ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ ጎን ፈቀቅ ይልና ፍጥነቱን ቀንሶ ከሰልፉ ኋላ ይገባል፤ ሁለተኛው ንፋሱን ይረከባል።

ይህን የገጠር ሰው ያለ ፊዚክስ ያውቀዋል፤ ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሮበርት ትሪቨርስ በ1971 የውለታ ልውውጥ በዝግመተ ለውጥ እንዴት ሊጸና እንደሚችል ሲያብራራ፣ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ሮበርት አክሰልሮድም በ1984 መጽሐፉ ሲያስፋፋው፣ ካነሷቸው ሁኔታዎች ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ ሰዎቹ ደግመው የሚገናኙ መሆን አለባቸው፤ ማን እንደሰጠና ማን እንዳጎደለም መታወቅ አለበት። በረሃ አቋርጦ ወር ሙሉ አብሮ ከሚነዳ ቡድን ማምለጫ የለም፤ ማን ፊት እንደወጣ፣ ማን ተራው ሲደርስ እንደተደበቀ ደግሞ ሁሉም ያያል። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዋ ሊንዳ ሞልም ከባልደረቦቿ ጋር በ2000 ያወጣችው ሙከራ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፦ ተዋውለው ከሚለዋወጡ ይልቅ፣ መልሱ እንደሚመጣ ማረጋገጫ ሳይኖራቸው የሚሰጡ ሰዎች ይበልጥ ይተማመናሉ። የንፋስ ተራ ውል የለውም። ማንም ፈርሞ አይወጣም።

አደጋውም የጋራ ነው። ከፊተኛው ጎማ በአንድ ክንድ ርቀት የሚነዳ ሰው መንገዱን አያይም፤ የሚያየው የሚሽከረከር ቸርኬና በላብ የራሰ ጀርባ ነው። ድንገት የፊተኛው እጅ ወደ ታች ይዘረጋና ወደ ቀኝ ይጠቁማል፦ ጉድጓድ። እጁ ባይዘረጋ ወይም ፊተኛው ሳያስጠነቅቅ ፍሬን ቢይዝ፣ የሚወድቀው ኋለኛው ነው። ይህ በቀን መቶ ጊዜ ይደጋገማል። መቶ ጊዜ አምነህ መቶ ጊዜ ደህና ስትሆን፣ ሆርሞን ፍለጋ መሄድ ለምን አስፈለገ?

እኔ በምሠራበት በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ግን ይህ ማብራሪያ ያለ ክርክር አያልፍም፤ ክርክሩንም መደበቅ አልፈልግም። ማርጋሬት ክላርክና ጀድሰን ሚልስ በ1979 እንዳሳዩት፣ ወዳጅነት ለሚፈልግ ሰው ውለታን ወዲያው በልኩ መመለስ መወደድን ይቀንሳል። እንግዲህ ወንፈል የሚቆጠር ከሆነ እንዴት ወዳጅነትን ይወልዳል? የእኔ ግምት፣ ግምት መሆኑን አስምሩበት፣ ልውውጡ በር ከፋች ነው የሚል ነው፤ ወዳጅነቱ የሚጀምረው ቆጠራው ሲቀር፣ ብርቱው የደከመውን ተራ ሳይጠየቅ ሲነዳለት ነው። ወንፈሉ ደቦ ይሆናል። ሌላም ችግር አለ፦ አፍሪካን በብስክሌት ለማቋረጥ የሚመዘገቡ ሰዎች ከመጀመሪያውም የሚመሳሰሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰውን በዕጣ መድቦ ኬፕታውን ድረስ የሚልክ ሙከራ ደግሞ የለም።

ከሁሉ በላይ የእኔን ማብራሪያ የሚፈትነው የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣ ብስክሌተኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ሰባት ወይም ስምንት ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። በዚህ ፍጥነት የአየር ተቃውሞ ከምንም አይቆጠርም፤ የስበትን ዕዳ ደግሞ እያንዳንዱ ለየራሱ ይከፍላል። ሆኖም እንዲህ ያለው አቀበትም ሰውን ያቀራርባል። በ2014 ብሮክ ባስቲያንና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ እጃቸውን በበረዶ ውሃ ውስጥ እንደመንከር ያለ ሕመም አብረው የቀመሱ እንግዳ ሰዎች ካልቀመሱት ይበልጥ ተሳስረዋል፣ ተባብረዋልም። ሙከራዎቹ ትንንሽ ናቸው። በኦክስፎርድ ቀዛፊዎች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመውም እንዲሁ ነው፦ 12 ሰዎች ብቻ። አብረው ሲቀዝፉ ለብቻቸው ከቀዘፉበት ጊዜ ይልቅ ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ አለ፤ ይህም ኢንዶርፊን የተባለው ሕመም አስታጋሽ የሰውነት ኬሚካል የመጨመሩ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። ኢንዶርፊኑ ራሱ ግን አልተለካም። “ኢንዶርፊን ነው” ብለው ለሚጽፉ ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

በየጠዋቱ ከከተማ ተያይዛችሁ ለምትወጡ ብስክሌተኞች አንድ ልመና አለኝ። አዲስ ሰው ሲቀላቀላችሁ ከኋላ ብቻ አታስቀምጡት። ደካማ ቢሆንም ለአንድ ደቂቃ ፊት ይውጣ፤ ሰጪም ይሁን። አቀበቱ ላይ ሲቀር ደግሞ ጫፉ ላይ ቆማችሁ ጠብቁት።